ለአበባ የተጠራ አውጫጭ

ጠርጣራ ነኝ። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው ከሁሉ ነገር ያስቀደምኩት። ጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ተማሪዎቼ ግን ከባዮሎጂው ይልቅ የሚያስታውሱኝ በፈተና ክፍል ነው። እጅጌ ውስጥ የተጠቀለለች ወረቀት፣ መዳፍ ላይ የተጻፈ ቀመር፣ ያለ ጉንፋን የሚያስል ልጅ፣ አንዱም አያመልጠኝም። ባለቤቴ ሙላት «እኛ ቤት ድመት ብናስገባ እንኳ ሳትፈትሻት አታሳልፊያትም» እያለ ይስቅብኛል። እኔም አብሬው እስቅ ነበር፤ በልቤ ግን እኮራበት ነበር። አምና በመስከረም ማለቂያ ላይ፣ በአራት ቀን ውስጥ፣ በዚሁ በምኮራበት ዓይኔ የአንዲትን ሴት ስም በአገር ፊት ላጠፋ ትንሽ ነበር የቀረኝ። የማወጋችሁ ይህንን ነው።

ነገሩ የጀመረው በአበባ ነው። የምንኖረው አዘዞ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳችን ለአንድ ጣሳ ጤና አዳም እንኳ አይበቃም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ ስትመለስ የዘር ፖስታ አመጣችልኝ፤ ላዩ ላይ «ጎምፍሬና» ይላል። አበባው ክብ ነው፤ የካፖርት ቁልፍ ያህላል። ወይን ጠጅ፣ ነጭና ሮዝ አለው። ሲነኩት ገና በቁሙ ደረቅ ወረቀት ይመስላል። ዋናው ጥቅሙ ተቆርጦ ሲደርቅ ቀለሙን አለመልቀቁ ነው። ጠዋት ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ከነዘንጉ ይቆረጣል፣ ቅጠሉ ይመለመላል፣ ጥቂት ጥቂቱ በሲባጎ ይታሰርና ጨለማ ሆኖ ነፋስ በሚገባው ክፍል ውስጥ ቁልቁል ይሰቀላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሰነብት ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ዓመት ቢቀመጥ ያው ነው። የጎንደር ሰርግ አዳራሾች በፕላስቲክ አበባ መሞላታቸው ሲያንገበግበኝ የኖርኩ ሰው ነኝና «ይኸው ሥራ ተገኘ» አልኩ።

መሬቱን ያገኘሁት ከወለቃ አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ካለ ቦታ ነው። ባለቤቱ አያ ታከለ የሚባሉ፣ ሰባውን ያለፉ ገበሬ ናቸው። የተስማማነው በእኩል ነው፤ መሬቱ የእሳቸው፣ ዘሩና ድካሙ የእኔ፣ ምርቱ ለሁለት። የዛን ዕለት አበባ እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁና፣ «ምኑን ነው የምንካፈለው ልጄ? ሽታውን?» አሉኝ። ሽታም የለውም ስላቸው ጭራሽ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቢሆንም የእህል ማስቀመጫ የነበረውን አሮጌ ጎተራ ቤት ለማድረቂያ ፈቀዱልኝ፤ መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፍኜ ከጣሪያው ሥር ሲባጎ ዘረጋሁ። የሰፈሩ ሰው «ቁልፍ አበባ» ብሎ ስም አወጣለት።

ማሳው ላይ ሦስት ሰዎች ያግዙኝ ነበር። አንዷ እናንየ ናት፤ የአያ ታከለ ምራት፣ ወሬ የማትጠግብ፣ ሳቂታ። ሁለተኛው ጌታሁን ነው፤ አጥር የሚያጥርና ውሃ የሚያጠጣ ዝምተኛ ሰው። ሦስተኛዋ ይታይሽ ናት። ይታይሽ ሸክላ ሠሪ ነች። ጠዋት እኔ ጋ ትሠራና ከሰዓት መንገድ ዳር ተቀምጣ ጀበናዋንና ድስቷን ትሸጣለች። በአገራችን የሸክላ ሠሪ ነገር ምን እንደሆነ አታጡትም፤ ዓይናቸው ይወጋል፣ ቡዳ ናቸው ይባላል። እኔ ይህ ወሬ ሲነሳ ደሜ የሚፈላ፣ ክፍል ገብቼ «ይህ የማይረባ ነገር ነው» ብዬ የማስተምር ሴት ነኝ። ይታይሽን የቀጠርኳት ከሁሉም እጇ ቀልጣፋ ስለነበር ነው። ትንሽም፣ አልዋሻችሁም፣ ለመንደሩ ሰው «እዩኝ» ለማለት ነበር።

አሁን ስለ አበባው አንድ ነገር ልጨምር። ተክሉ ሲያድግ መጀመሪያ መሃል ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ አበባ ያወጣል። መጽሐፉ ጫፉ በጊዜ ይቆረጥ፣ ያኔ ከጎን ቅርንጫፍ ይበዛል ይላል፤ ይህንኑ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሳልኩ አስተምሬዋለሁ። በራሴ አበባ ላይ ሲመጣ ግን እጄ እምቢ አለኝ። በዚያ ላይ ሄርሜላ የምትባል ዲኮር የምትሠራ ልጅ፣ «እሑድ አምጪና አሳይኝ፤ ካማረኝ የጥር ሰርጎቼን በሙሉ በእሱ ነው የምሠራው» ብላኛለች። ስለዚህ እነዚያን የመጀመሪያዎቹን አበቦች እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃቸው ነበር። ማክሰኞ ጠዋት አይቻቸው ሁሉም ፈክተዋል። ቅዳሜ እቆርጣቸዋለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ የጽጌ ጾም የገባ ዕለት ነው። ከሰዓት ፈረቃ ስለማስተምር በጠዋት ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወለቃ በሚኒባስ ሄድኩ። ማሳው ጠርዝ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ቅር አለኝ። ትናንት በቀለም ሞልቶ የተውኩት መደብ አረንጓዴ ብቻ ሆኗል። ሮጥኩ። ተክሉ አልተነቀለም፣ አልተረገጠም፣ ከብትም አልገባበትም። ከእያንዳንዱ ተክል የመሃሉ አበባ ብቻ በጥፍር ተቀንጥሶ ተወስዷል። ከመጀመሪያው መደብ እስከ መጨረሻው አንድ እንኳ አልቀረልኝም።

ያን ጊዜ ቀና ብዬ ዞር ስል ሦስቱም ማሳው ውስጥ ነበሩ። ዓይኔ ሄዶ ያረፈው ይታይሽ ላይ ነው።

«ኧረ በማርያም!» አለች እናንየ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና። «ማን ነው እንዲህ ያደረገ?»

ጌታሁን አጥሩን ዞሮ አይቶ መጣ። «አጥሩ ደህና ነው። በር የሚያውቅ ሰው ነው የገባው» አለና ባልዲውን አንስቶ ሄደ። ከእሱ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር።

ይታይሽ ምንም አላለችም። አልደነገጠችም፤ አልጮኸችም። መደቡን አየት አድርጋ ነጠላዋን አስተካከለችና አረሙን መንቀል ቀጠለች። በፈተና ክፍል ቢሆን ወረቀቷን እነጥቃት ነበር።

«አያ ታከለስ የት ሄዱ?» አልኳት እናንየን።

«ጎህ ሲቀድ ወጣ። ከቄስ አበጀ ጋር አዲ አርቃይ ነው የሄዱት፣ የወንድሙ ተዝካር ነው። ቅዳሜ ይመለሳሉ።»

«ልደውልላቸው።»

«እሱ ስልክ ይዞ ያውቃል እንዴ?» ብላ ሳቀች። የእኔ ፊት ስላላማራት ሳቋን ዋጥ አደረገች።

የዚያን ቀን ከሰዓት ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ማታ ለሙላት ነገርኩት። «አበባ ነው እኮ፤ ሌላ ያወጣል» አለኝ። ተናደድኩበት። አበባ አይደለም የጠፋብኝ፤ የናቀኝ ሰው ነው ያስቆጣኝ፤ እኔን፣ ማንም አታሎኝ የማያውቀውን ሴት!

ሐሙስ ማሳውን አልነካሁም። ይታይሽ ያን ዕለት ማሳውን ትታ በጠዋቱ ወጥታ ስለነበር መንገድ ዳር ወደምትሸጥበት ቦታ ሄድኩ። እሷ ጎንበስ ብላ ለአንድ ደንበኛ ድስት ትጠቀልላለች። እኔ ዕቃዎቿን አያለሁ። ከጀበናዎቹ ኋላ፣ ገና ያልተተኮሰች አንዲት ትንሽ የአበባ ማስቀመጫ አየሁ። አንገቷ ዙሪያ ክብ ክብ ሆኖ፣ ጥቃቅን ንብርብር ያለው ቅርጽ ታትሞባታል። ያንን ቅርጽ ሦስት ወር ሙሉ ስመለከተው ከርሜያለሁ። ሌባ ስይዝ የሚሰማኝ ደስታ ተሰማኝ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ደስታ ነበር።

«ይኼን በምን ሠራሽው?» አልኳት፣ ድምፄን አለሳልሼ።

«በቁልፍ አበባ ነዋ፣ ቲቸር። እርጥቡ ሸክላ ላይ ጫን ሲያደርጉት እንዲህ ሸጋ ሆኖ ይወጣል።»

«አበባውን ከየት አመጣሽው?»

እጇ ድስቱ ላይ ቆመ። «ከመንገድ ያነሳሁት ነው። ወድቆ።»

«ከመንገድ! የትኛው መንገድ ነው አበባ የሚያበቅል?»

«ወደ ማርያም የሚወስደው። ሰባት ነው ያነሳሁ፤ ሌላ የለኝም።»

«የቀረውን ማን እንደወሰደው ታውቂያለሽ?»

ደንበኛዋ ወደ እሷም ወደ እኔም ያያል። ይታይሽ ሒሳቧን ተቀብላ ሸኘችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አያ ታከለ ይምጣ፣ ቲቸር። ቅዳሜ ሩቅ አይደለም። እስከዚያ ምንም አይበሉ» አለችኝ።

ለእኔ ይህ ግልጽ ነበር። የተያዘ ተማሪ ሁሉ «ነገ ልንገርዎት» ይላል፤ ነገ ወረቀቱን ቀዶ ይመጣል። እስከ ቅዳሜ አበባዬን አድርቃ ትሸጠዋለች፣ ወይም ለሌላ ዲኮር ሠሪ ትሰጠዋለች ብዬ አሰብኩ። ማስቀመጫዋን በስልኬ ፎቶ አነሳኋት። ይታይሽ ፎቶ ሳነሳ እያየችኝ ነበር፤ አልከለከለችኝም።

ዓርብ ጠዋት እናንየን ለብቻዋ ያዝኳት። ፎቶውን ሳሳያት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እኔ ምንም አላልኩም፣ ቲቸር» አለች። «እኔ አላልኩም እንጅ፣ የእነሱ እጅ የገባበት ነገር እንዲያው አይባረክም ይላሉ። አምና ጎረቤታችን በሬው...»

«ተይ እንዲህ ያለውን ወሬ!» ብዬ ቆጣ አልኳት። «እኔ የምናገረው ስለ ስርቆት ነው። ሸክላ መሥራቷ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

እንዲህ ስል ራሴን በጣም ፍትሐዊ ሰው አድርጌ ቆጠርኩ። ቀጥዬ አያ ምስጋናው ቤት ሄድኩ። አያ ምስጋናው በዚያ ሰፈር ነገር ሲበላሽ ሸንጎ የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። አውጫጭ እንዲጠሩልኝ ነው የፈለግሁት። አውጫጭ ለማታውቁት፣ አንድ ነገር ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ እየተራ የሚምልበት፣ ያየ የሰማውን የሚያወጣበት የቆየ ደንብ ነው።

አያ ምስጋናው በግርምት አዩኝ። «ለአበባ አውጫጭ? በሬ ሲጠፋ አውጥተናል፤ ጠመንጃ ሲጠፋ አውጥተናል። ለአበባ ሰው ሰብስበን ምን ልንባል ነው?»

«እንግዲያው ለፖሊስ አመለክታለሁ።»

ያ ቃል አላማራቸውም። ጭራቸውን ሲያወናጭፉ ቆዩና፣ «ታከለ እስኪመጣ ምነው ብትታገሺ?» አሉኝ።

«እሳቸውም እንደኔ ተበዳይ ናቸው፤ ግማሹ አበባ የእሳቸው ነው። ሲመጡ ሌባው ተገኝቶ ቢጠብቃቸው አይሻልም?»

«እንዳልሽ ይሁን» አሉ፣ ደስ ሳይላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከማሳው በላይ ባለው ትልቅ ወይራ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀመጡ። እኔ ለብቻዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ፎቶውን መጨረሻ ላይ ላወጣው አስቤያለሁ። አያ ምስጋናው ተነስተው ነገሩን ተናገሩ። አንዳንዱ ሳቀ። «ሳቅ አይደለም» አሉ አያ ምስጋናው፤ «እንግዳ በመሬታችን ላይ ተበድላለች። በሰፈራችን ሌባ አለ ተብሎ ከተማ ሊወራ ነው። ያየ ያውጣ፣ ያላየ ይማል።»

መሃላው ተጀመረ። እያንዳንዱ ሰው ብድግ ብሎ፣ እጁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግቶ፣ «አልነካሁም፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ዋሽቼ እንደሆነ ማርያም ትፍረድብኝ» እያለ ይቀመጣል። ጌታሁን ማለ። እናንየ እንደ ልማዷ ከተባለው በላይ ጨማምራ ማለች። ሰዓቱ ረዘመ፤ ፀሐዩ ወይራውን አልፎ እግራችን ላይ ወረደ። እኔ ግን አንዲት ሴት ተራ እስኪደርስ ነበር የምጠብቀው።

ይታይሽ ተነሳች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች። እጇን አልዘረጋችም።

«አልነካሁም» አለች። «ማርያም ትፍረድብኝ፤ አልነካሁም።»

«ጨርሽው እንጅ» አሉ አያ ምስጋናው።

ዝም አለች።

«አላየሁም፣ አልሰማሁም በይ።»

«እሱን አልምልም፣ አያ ምስጋናው።»

ሰው አጉረመረመ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ «ድሮስ!» አለች። ከወንዶቹ አንዱ ደግሞ፣ «ሰው ለምትበላ አበባ ምኗ ነው?» አለና ጎረቤቱ ሳቀ። አያ ምስጋናው በጭራቸው ዝም አሰኟቸው። ይታይሽ መሬት መሬት እያየች ቆማለች። አንዳች ነገር ተናገሪ፣ አስተባብይ፣ ስደቢኝ እያልኩ በልቤ እጠብቃለሁ። እኔም ብድግ ብዬ ፎቶውን አወጣሁ። ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰው ማስቀመጫዋን አየ፤ የአበባውን ቅርጽ አየ፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ያየሽ እንደሆነ ማንን አየሽ?» አሉ አያ ምስጋናው፣ አሁን ድምፃቸው ጠንክሯል። «ስም ጥሪ። ስም ካልጠራሽ፣ ካልማልሽ፣ ነገሩ ባንች ላይ ይወድቃል። ደንቡን ታውቂዋለሽ። እሳት የሚጭርልሽ፣ ውሃ የሚያቀዳሽ የለም። ሸክላሽንም ከዚህ ሰፈር የሚገዛሽ የለም።»

አበባዬን እንጂ ኑሮዋን አልፈለግሁም ነበር። ግን አፌን ዘጋሁ። አሁን ብናገር የጀመርኩትን ማፍረስ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ያ ዝምታዬ ከመጠርጠሬ ይልቅ ዛሬም ያመኛል።

«ጊዜ ስጡኝ» አለች ይታይሽ። «እስከ ቀትር።»

«ቀትር ላይ ምን ይመጣል?»

ይታይሽ አስፋልቱን ታያለች። አያ ምስጋናው ከጎናቸው ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ጭንቅላት ገጥመው ተመካከሩ። «እምቢ ያለች እኮ ናት፤ ምን እንጠብቃለን?» የሚል ተሰማኝ። አያ ምስጋናው ፍርዱን ሊናገሩ ጭራቸውን አነሱ።

በዚያው ቅጽበት አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ቆመ። ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው ጥምጥም አስሯል፤ ሌላው ጋቢውን ደርቦ ከረጢት አንጠልጥሏል። አያ ታከለ ነበሩ። ሰው ሁሉ ወይራው ሥር ተሰብስቦ ሲያዩ በቁልቁለቱ ሮጡ ማለት ይቻላል።

«ማን ሞተ?» አሉ ገና ሳይደርሱ። «ተናገሩ እንጅ፣ ማን ሞተብኝ?»

«ሰው አልሞተም፣ ታከለ» አሉ አያ ምስጋናው። «የቲቸር አበባ ተሰርቆ ነው። ያንተም ድርሻ አለበት።»

«የትኛው አበባ?»

«የመጀመሪያው» አልኩ እኔ። «ከመሃል የወጣው። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሳያስቀሩ ቀንጥሰው ወስደውብኛል።»

አያ ታከለ ከረጢታቸውን አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔን አዩኝ፣ ሰዉን አዩ፣ ቄሱን አዩ።

«እሱን እኮ እኔ ነኝ የቆረጥሁት» አሉ።

ስልኬን የያዘው ሰው ለእኔ መለሰልኝ።

«በኩራቱን ነው፣ ልጄ። መጀመሪያ የደረሰው የእመቤቴ አይደል? ጤፍም ሲሆን እሸቱን እሰጣለሁ፣ ሽንብራም ሲሆን እሰጣለሁ፤ አባቴም ይሰጥ ነበር። አበባ ደግሞ የጽጌ ዕለት ደርሶ! ጫማዬን ማሳው ጫፍ ላይ አውልቄ፣ በጥፍሬ ቀንጥሼ፣ ለቄስ አበጀ አስረክቤ ነው መንገድ የገባሁ። የሚያርስ ሰው ይኼን ሳያውቅ ይቀራል ብዬ እንዴት ላስብ? ለስጦታ ደግሞ አዋጅ አይነገርም።»

ቄስ አበጀ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መቅደስ ውስጥ ነው ያለው። ሰው ከማይገባበት። ኪዳን ስናደርስ ‹ዘርታ ላበቀለችው› ብለን ጸልየንልሻል።»

እኔ ሌባ ስፈልግ፣ እነሱ ሲጸልዩልኝ። የምቆምበት ጠፋኝ።

አያ ታከለ ግን ወደ እኔ አልነበረም የሚያዩት። «አንች ይታይሽ» አሉ፤ «የዛን ዕለት አላየሽኝም? ከወንዙ አፈር ተሸክመሽ ስትመጭ እጅ ነስተሽኝ አልፈሽ የለም?»

«አይቻለሁ፣ አያ።»

«አበባ ጥሎብኝ ከኋላዬ ስታነሽ አይቼሻለሁ። ምነው ታዲያ አልተናገርሽ?»

«ምን ብዬ ልናገር፣ አያ?» ያኔ ነው መጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ያየችን። «አንተ በሌለህበት ‹አያ ታከለ ነው የቆረጠ› ብል፣ ሸክላ ሠሪዋ ሽማግሌውን ሌባ አለች ይባላል። ማን ያምነኛል? ‹አላየሁም› ብዬ እንዳልምል ደግሞ አይቻለሁ። በማርያም በውሸት አልምልም። እስክትመጣ ብጠብቅ ይሻላል ብዬ ነው።»

በአገሩ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ማንም ሳያዘኝ ከወይራው ሥር ድንጋይ አነሳሁ፤ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ፊቷ ተንበረከክሁ። ክፍሌ ውስጥ ልጆች ያንበረከክሁ ሴት መሆኔ ትዝ አለኝ።

«አጥፍቻለሁ፣ ይታይሽ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር በያት! ስለ ማርያም!» አለ ሰዉ ከያቅጣጫው። ቅድም ይስቅ የነበረው ሰውዬ ከሁሉም ይበልጥ ይጮኻል።

ይታይሽ እጇን አነሳችና ሰዉን ዝም አሰኘች።

«ይቅር እላለሁ» አለች። «አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ፣ ቲቸር። እዚያ ማሳ የምንገባ አራት ሰው ነን። እናንየ አለች፣ ጌታሁን አለ፣ አያ ታከለ አለ፣ እኔ አለሁ። ረቡዕ ጠዋት፣ ሸክላዬን ሳያዩ፣ ያነሳሁትን ሳይሰሙ፣ ገና መጥፋቱን እንዳወቁ ዞር ብለው ያዩት እኔን ነው። አይቻለሁ። ምነው እኔን መረጡ?»

መልስ ፈለግሁ። ዝም ስላልሽ ልበላት? ዝም ከማለቷ በፊት ነው ያየኋት። ስላልደነገጥሽ? መደንገጥ አለመደንገጧንም ገና አላወቅሁም ነበር። ድንጋዩ ማጅራቴን ይጫነኛል፤ ሰው ሁሉ አፌን ያየኛል። በዓመታት የማስተማር ሥራዬ ተማሪዎቼን «እውነቱን ተናገሩና ይቀልላችኋል» ስል ምን እየጠየቅኋቸው እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«ሸክላ ሠሪ ስለሆንሽ ነው» አልኳት።

እናንየ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አያ ምስጋናው ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ያ ነገር በዚያ ሰፈር ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ በሸንጎ፣ በሴትየዋ ፊት፣ ጮክ ብሎ ሲነገር ግን የሰማ አልነበረም።

ይታይሽ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከማጅራቴ ላይ አነሳችው። ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

«ይኼን ነው መስማት የፈለግሁ» አለች። «እስከ ዛሬ ከኋላዬ ነበር የሚባል። ይቅር ብዬዎታለሁ። ወደ ሥራዎ ግን አልመለስም።»

ነጠላዋን አራግፋ ሄደች። አያ ታከለ ሁለት ጊዜ ጠሯት፤ አልዞረችም።

እሑድ ለሄርሜላ የማሳየው አልነበረኝም። እውነቱን ነገርኳትና ጊዜ ሰጠችኝ። በጥቅምት ማለቂያ ላይ ማሳው ሌላ ሆነ። የአያ ታከለ ጥፍር ጫፉን ስለቆረጠው እያንዳንዱ ተክል ከጎን ከጎኑ ቅርንጫፍ አወጣና አበባው በዛ። ያ ሁሉ ያመሰኝ «ስርቆት» እኔ ራሴ መሥራት ያቃተኝን ሥራ ሠርቶልኝ ተገኘ። ጎተራ ቤቱ እስከ ደጃፉ ድረስ ተሰቀለበት፤ የጥር ሰርጎችም በእሱ አማሩ። ዘንድሮ በኩራቱን እኔው ነኝ ለቄስ አበጀ ያደረስኩት።

ይታይሽ መንገድ ዳር ሸክላዋን ትሸጣለች። ሳልፍ ትነሳልኛለች፣ ሰላም ትለኛለች፣ ልጆቼን ትጠይቀኛለች። ተመለሽ ብዬ ሦስት ጊዜ ለምኛታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላኛለች፤ አልመጣችም። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን እረዳታለሁ። ይቅር ማለት ሌላ ነው፤ በየጠዋቱ ያ ዓይን እንዲያያት መምጣት ሌላ ነው።

እናንተ አንባቢዎቼ ደጋግ ሰዎች እንደሆናችሁ አልጠራጠርም። እኔም ደግ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው፤ ክፉ ወሬ የምቃወም፣ የተማርኩ፣ ሰው የማላበላልጥ። የማስበውና የማስተምረው ትክክል ነበር። ያጋለጠኝ ከማሰቤ በፊት የዞረው አንገቴ ነው። እሱን ማንም አላስተማረውም፤ እኔም ፈትሼው አላውቅም። ሰውን ሁሉ ስፈትሽ የኖርኩ ሴት ራሴን ሳልፈትሽ ቀርቻለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ ከቤታችሁ ወይም ከቢሮአችሁ አንድ ዕቃ ቢጠፋባችሁ፣ ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ማስረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት፣ ጥቂት ቁሙና መጀመሪያ ዓይናችሁ ላይ የመጣው የማን ፊት እንደሆነ ልብ በሉ። ከዚያ ለምን እሱ እንደመጣ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱን ለማንም ባትናገሩትም፣ ለራሳችሁ ግን ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። እኔ የእኔን ተናግሬያለሁ።